ያለፈው ኪኒን

«እማሆይ አረፉ» ስባል ሳቄ ነው የመጣው። የትንሣኤ ማለዳ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን አብረን ነው የተመለስነው፤ እማሆይ ወለተ ኪዳን ቁልቁለቱ ላይ ቆም ቆም እያሉ፣ እኔን ግን ከኋላ እያስከተሉ፣ «አንተ ዘውዴ፣ ምነው? እግርህ እንደ ጎማ ተነፈሰ እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ነው የመጡት። በራቸው ላይ «እንኳን አደረሰህ» ብለውኝ ገቡ። እኔም ገብቼ ጋደም አልኩ። ፀሐይ ስትወጣ፣ ግቢውን የምትጋራን እትዬ አስካለ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ መጥታ «አረፉ» አለችኝ።

«ማን?»

«እማሆይ ናቸዋ! ተልባቸውን ጠጡ፣ ኪኒናቸውን ዋጡ፣ ደህና ተኙ። ኋላ አስመለሳቸው። ልቤን፣ ልቤን አሉ፤ ተንቀጠቀጡ። ጣታቸውን አነሡ፤ በቃ!»

ሮጬ ገባሁ። መደባቸው ላይ በጎናቸው ተኝተው፣ የተልባው ኩባያ ከአጠገባቸው አልተነሣም። ስማቸውን ጠራሁ፤ ደግሜ ጠራሁ። ለእኔ የማይመልሱት ተቆጥተው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሲደነግጥ ሞኝ ይሆናል።

ለቀስተኛ ቤቱን ሲሞላው ደግሞ ሌላ ጉድ ሰማሁ። ሰው ሁሉ «ታድለው!» ይላል። በትንሣኤ ዕለት መሞት፣ ያውም ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ አክፍለው፣ ያውም ጣታቸውን ቀስረው! «መላእክቱ ሲመጡ አይተው ነው» አለች አንዷ። «ሰማዩን እያሳዩን ሄዱ» አለች ሌላዋ። እኔ ግን ያንን ጣት አውቀዋለሁ። ሰማይ አያሳይም። ያ ጣት ሲነሣ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቆይ፣ አልጨረስኩም።»

ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን እማሆይ አከራዬ ነበሩ። እኔ በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ይዤ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከእሳቸው ጸሎት ቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናዬ ሲበዛባቸው ግድግዳውን በመቋሚያቸው ይደበድቡታል። መኪናዬን አቆማለሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሥራህን ሥራ እንጂ! ያለፈኝ ጸሎት ከሚመጣው ጋር ይደረሳል» ይሉኛል። ይህችን ነገር እንግዳ ሲያቋርጣቸውም፣ ለቅሶ ሲውሉም ይሏታል። መነኩሲት ናቸውና ጸሎታቸው በየሰዓቱ ነው፤ የሦስት ሰዓቱ ካመለጣቸው ከስድስቱ ጋር፣ ስድስቱም ካመለጠ ከዘጠኙ ጋር አድርገው ያደርሱታል። አንድም አያስቀሩም። እማሆይ በሕይወታቸው ለማንም፣ ለእግዜርም ቢሆን፣ ጎደሎ ነገር ሰጥተው አያውቁም።

ቆብ ከመድፋታቸው በፊት የባና ሠሪ ሚስት ነበሩ። ባልየው የበጉን ጠጉር በደጋን ይነድፋሉ፣ እሳቸው ይፈትላሉ፤ ብናኙ ቤቱን ከወለል እስከ ጣሪያ ይሞላዋል። ዕድሜ ልካቸውን እሱን ሲተነፍሱ ኖረው ባል ሞቱ፣ እሳቸውም መነኮሱ፤ አስሙ ግን አብሮ አልመነነም። «መንዝን ከብርድ ያዳነ በግ እኔን አፈነኝ» ይላሉ። ሐኪም ጠጉር እንዳይነኩ ቢከለክላቸውም እንዝርታቸውን ከራስጌያቸው አላራቋትም። «አልፈትልባትም፤ ልያት ብቻ» ይሉና፣ ዞር ስል ትሾራለች።

ንግግራቸው መሐል ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው እንግዲህ ያ ጣት የሚነሣው። እስኪወርድ ድረስ ማንም ቃል አይተነፍስም። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል፤ ሕፃን እንኳ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ዕድር ላይ ድንኳኑን ከሌላ ሰፈር ጋር እንጋራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እማሆይ ተነሡ፤ «እኔ የምለው…» አሉና ትንፋሽ ከዳቸው፤ ጣታቸው ተነሣ። ሊቀመንበሩ አዲስ ነበር። «እማሆይ ደግፈዋል፤ ሌላስ?» አለ። እሳቸውን አይቶ ግማሹ ሰው እጁን አወጣ። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «የደገፍኩት ምኑን ነው? ገና ልቃወም መንገድ ላይ ነኝ!» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ፤ ድንኳኑም አልተጋራ። ያን ቀን ሳልስቅ የቀረሁ ይመስል፣ ወደ ቤት ስንመለስ «ትንፋሹ የእግዜር ነው፤ ስድቡ ግን የራሴ ነው፤ ሊቀመንበርህ ይሄን ይወቅ» ብለው እንደገና አሳቁኝ።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ተክሌ ይባላሉ። እሳቸውም ደረታቸው ይጠብባቸዋል። ሁለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከቅጥሩ በታች ያለው ትልቅ ድንጋይ ዘንድ ይቆማሉ። መምሬ መስቀላቸውን የሚያስተካክሉ ይመስላሉ፤ እማሆይ ነጠላቸውን። አንዱ ሌላውን «ደከመዎት?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። «የእኔና የመምሬ ደረት አንድ ዋሽንት ነው፤ እሳቸው በቅዳሴ ይነፉታል፣ እኔ በስድብ» ይሉ ነበር እማሆይ፤ መምሬ በሌሉበት።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ብርድ አስሙ ጠናባቸው። ከንፈራቸው ሲጠቁር አይቼ በሚኒባስ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ዳኑ። ሲወጡ በአፍ የሚሳብ የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘላቸውና ፈልገን አጣነው፤ የሚዋጠውን ኪኒን አገኘን። ቴኦፊሊን ይባላል፤ የደረትን ቧንቧ የሚከፍት ነው። የሰጠችን ልጅ ጠንቃቃ ነበረች። «አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማታ። ይሄ መድኃኒት ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ደግሞ ልብ ይጎዳልና ይጠንቀቁ እማሆይ» አለቻቸው። እማሆይ ቃሉን ተቀበሉ፤ እንደ ጸሎት ሰዓት አድርገው ተቀበሉት። ያኔ ይህ የሚያስደነግጥ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል?

ኪኒኑ ጉድ ሠራ። እማሆይ ድንጋዩ ዘንድ ሳይቆሙ መውጣት ጀመሩ። ግድግዳዬን መደብደባቸውም በረታ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው ነገሩ የተለወጠው። በእኛ አገር ጾም ማለት ሽሮ መብላት ብቻ አይደለም፤ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ጥላ እስኪዘቀዝቅ ድረስ ውሃም ባፍ አይዞርም። እማሆይማ ከዚያም አስበልጠው ይውላሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንዝርቷ ከእጃቸው እየወደቀች ግቢው ውስጥ ትንከባለላለች። እንቅልፍ አጡ። ማታ ማታ የቀመሱትን ያስመልሳቸዋል። ሰው «ጾሙ ነው፣ ስግደቱ ነው» አለ። እሳቸው ራሳቸው ደረታቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «በጾም ከበሮ አይመታም አይደል? የእኔ ልብ ግን ሥርዓት አታውቅም፤ ስትደልቅ ታድራለች» አሉኝ። ሳቅን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያቃጥለኛል፤ ሴትዮዋ እኮ የሆኑትን አንድ በአንድ እየነገሩን ነበር።

ጨቅጭቄ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሀብታሙ የሚባል ወጣት ሐኪም አለ፤ ረጋ ያለ፣ ሽማግሌ የሚያከብር ልጅ ነው።

«እማሆይ፣ ኪኒኑን በቀን ሦስት እየወሰዱ ነው?»

«ሦስቱንም ልጄ። አንድም አላስቀር።»

«ሌላስ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ጸበል።»

ሀብታሙ ፈገግ አለ። የእጃቸውን ትርታ ሲያዳምጥ ግን ፈገግታው ጠፋ። «ልብዎ በጣም ይፈጥናል። መድኃኒቱ ሳይበዛብዎት አልቀረም፤ እንቀንሰዋለን። ሆስፒታልም ይመለሱና ደምዎ ይታይ» አላቸው።

«ቀንሼ ደግሞ ልታፈን? ፋሲካ ይለፍና እሄዳለሁ።»

«እማሆይ፣ አይቆይም።»

«ልጄ፣ ሕማማት ሊገባ ነው። የት ነው የምትልከኝ?» ጣታቸው ተነሣ፤ ሀብታሙ ጠበቀ። «…ፋሲካ ይለፍ ብያለሁ።»

ይህን ንግግር ስንት ጊዜ በልቤ መላልሼዋለሁ። ልጁ ትክክለኛውን ጠየቀ። እሳቸውም አልዋሹም፤ ሦስቱንም ይውጣሉ። በአንድ ጥያቄና በአንድ እውነተኛ መልስ መካከል ሞት ተቀምጦ፣ ሦስታችንም አላየነውም። እንዲህ ያለ ነገር አለ ብሎ ማን ያምናል?

ሰሙነ ሕማማት ገባ። እማሆይ ሲሰግዱ ሰነበቱ፤ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ አክፍለው እስከ ትንሣኤ ምንም አልቀመሱም። ዓርብ ስቅለት ከሰዓት ላይ ደረታቸው ሲያፏጭ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። እፊታቸው መምሬ ተክሌ ካባቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ እሳቸውም ንባቡን እየቆረጡ፣ አየር እየሳቡ ነው የሚያነቡት። ሁለቱም አልተቀመጡም። ቀጥሎ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሀብታሙ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ለበዓል ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄዶ ነበር። ሠልስት ዕለት መጣ። ልቅሶ ቤቱ ሞልቷል፤ መምሬ ተክሌ ከራስጌ ተቀምጠዋል። ልጁ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ አስካለ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ የዚያን ዕለት ምን ነበር የወሰዱት?» አላት።

አስካለ ምንም የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። እንዲያውም ኩራት ብጤ ነበረባት። «ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ነዋ! እሳቸው እኮ ጥንቁቅ ናቸው። በጾሙ ቀን ኪኒኑ ጠዋት አይዋጥ፣ ቀን አይዋጥ፤ ማታ ሲፈቱ የጠዋቱንም የቀኑንም ከማታው ጋር ይውጡታል። የትንሣኤ ዕለትማ ከሐሙስ ጀምሮ ያለፋቸውን ሁሉ አጠራቅመው ነበር። ራሴ ነኝ ውሃ ያቀበልኳቸው። ያለፈው ከሚመጣው ጋር ይደረሳል ብለው አንድም ሳያስቀሩ ዋጡት።»

ሀብታሙ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ያ ረጋ ያለ ልጅ ድምፁ ተለውጦ፣ «ሁሉንም? አንድ ላይ?» አለ። ወደ አስካለ ዞረ። «እትዬ፣ ያለፈ ኪኒን አለፈ ነው! ከሚመጣው ጋር አይደመርም! የሚቀጥለውን በሰዓቱ መዋጥ ብቻ ነው። ይሄ መድኃኒት ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ያስመልሳል፣ ልብን ያስቆማል። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ፣ የዛለ ሰውነት…» መጨረስ አቃተው። «ሬሳ አልመረመርኩም፤ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን ይሄ… ይሄ ነው የሚመስለኝ።»

አስካለ እጇን አየችው፤ ውሃ ያቀበለችበትን እጅ። አልጮኸችም። የሚያስፈራውም አለመጮኋ ነበር።

እኔ ነደድኩ። ሙሉውን የጾም ወራት ዓይናችን እያየ፣ ጆሯችን እየሰማ! የሚቆጣው ሲያጣ ደግሞ ሰው ያገኘው ላይ ዓይኑን ይጥላል፤ እኔም መምሬ ተክሌ ላይ ጣልኩ። «መምሬ፣ ሕጉ ለሕመምተኛ አይፈቅድም እንዴ? ለአንዲት ኪኒን የሚሆን ጉንጭ ውሃ ይከለክላል?»

ሴቶቹ «ኧረ ተው! በንስሐ አባት ላይ!» አሉ። ቀናም ያላሉ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ የነጠላቸውን ጫፍ የሚቋጥሩ፣ የሚፈቱ። ያኔ ልብ አላልኩም።

መምሬ አልተቆጡም። «ይፈቅዳል» አሉ። «መድኃኒት ለታመመ ሰው ጾም አይሽርም። ቢጠይቁኝ ኖሮ በዚያው ቀን… አልጠየቁኝም። እኔም…»

ትንፋሽ አጠራቸው። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ።

እማሆይን ያየኋቸው መሰለኝ። ቤቱ ሁሉ ያየ መሰለኝ፤ አንድ ሰው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጠበቅን። መምሬ አየራቸውን ሲያገኙ ሌላኛው እጃቸው ከጋቢያቸው ሥር ወጣ፤ ብልጭልጭ ያለች የኪኒን ማሸጊያ ይዟል። ያቺው ናት። እማሆይ ራስጌ ካለችው ጋር አንድ ናት።

«እኔም እንደሳቸው ነው የምውጠው» አሉ።

«ምን?» አለ ሀብታሙ።

«ቀድሼ ስወጣ፣ የጠዋቱንም የቀኑንም። ልቤ ስትደልቅ የጾሙ ድካም መስሎኝ… እሳቸው ሴት ሆነው፣ አርጅተው፣ እንደዚያ እየታፈኑ ፈቃድ አልጠየቁኝም። እኔ ቄሱ ለራሴ ልፍቀድ? አፈርኩ።»

አስካለ ያኔ ነው የጮኸችው። «ኧረ መምሬ! እማሆይም እኮ ይህንኑ ነበር የሚሉት! ለምን አይጠይቁም ስላቸው፣ መምሬ እየታፈኑ ቆመው ሲቀድሱ፣ ተቀምጬ የምውል እኔ በምን አፌ ይሉኝ ነበር!»

ማሸጊያዋ ከመምሬ እጅ ወደቀች። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እያየ፣ አንዱ በሌላው እያፈረ፣ ድንጋዩ ዘንድ እንደሚቆሙት ቆመው፣ ሳይጠያየቁ። አንዳቸው ቢናገሩ ኖሮ ሁለቱም ከዚህ አይደርሱም ነበር። ሀብታሙ ተነሥቶ የመምሬን እጅ ያዘና ትርታቸውን ያዳምጥ ጀመር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዳመጠ፤ ለቅሶውም ቆመ፤ ሁላችንም አብረን ያዳመጥን ይመስል ነበር። መምሬ በማግስቱ በሚኒባስ ሆስፒታል ሄዱ። ደማቸው ታየ፤ ኪኒናቸው ተቀነሰ፤ የሚነፋው ተፈልጎ ተገኘላቸው።

ሐምሳው ቀን አለፈና የሰኔ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት የወሩ በዓል ዋለ፤ ሕዝቡ ከረፋድ ጀምሮ ቅጥሩን ሞልቶታል። ቅዳሴ ሳይገባ መምሬ ተክሌ ብቅ አሉ፤ የቅዳሴ ልብስ አልለበሱም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እማሆይ ይቆሙበት የነበረው የሴቶች በር ዘንድ ሄደው ቆሙ።

«ዛሬ የምቀድሰው እኔ አይደለሁም» አሉ። «ሐኪም በሰዓቱ ዋጥ ብሎኛል፤ ሰዓቱ አሁን ነው። ውሃ የቀመሰ ደግሞ አይቀድስም፤ ስለዚህ እናንተ ዘንድ ቆሜ አስቀድሳለሁ። መድኃኒት ያላችሁ ሁሉ፣ የአስምም ይሁን የግፊት ይሁን የስኳር፣ ሰዓቱን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ያለፈ ጸሎት ከሚመጣው ጋር ይደረሳል። ያለፈ ኪኒን ግን…» ጣታቸው ተነሣ። ሕዝቡ ጠበቀ። «…ያለፈ ኪኒን ግን አለፈ። አታጠራቅሙ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ሊነግሯችሁ የፈለጉት ይሄን ነው።»

ጣታቸውን ሳያወርዱ፣ በሌላኛው እጃቸው ከአስካለ ውሃ ተቀብለው አንዷን ፍሬ ዋጡ።

ከሕዝቡ መሐል አንዲት አሮጊት የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ሲፈቱ አየሁ። ከቋጠሮው የተጠራቀመ ኪኒን ወጣ። «እኔም እኮ እንደዚያው ነኝ» አሉ፤ ለማንም አይደለም የሚናገሩት። ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ የዕድሩ ሊቀመንበር እናት። እኔ ግራ ቀኙን አየሁ፤ በዚያ ቅጥር ውስጥ እማሆይን ተከትሎ ሊሄድ ተሰልፎ የቆመ ሰው ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር።

መምሬ ጣታቸውን ያወረዱት ያኔ ነው።